የእናት ጥያቄ መልስ ይገባዋል

በዚህ ጽሑፍ የምናነሣው ጥያቄ ከመጽሐፍ የተገኘ ሳይሆን በዐይናችን ካየነው ነገር የተነሣ ነው። ከጥቂት ዓመታት በፊት በምዕራብ ደቡብ ወሎ ደጋ፣ ከመካነ ሰላም ብዙ በማይርቅ አንድ ጤና ጣቢያ ለሌላ ጉዳይ ሄደን ሳለ፣ አንዲት እናት ዘጠኝ ወር የሞላው ሕፃኗን በአንቀልባ አዝላ ከቆላው በኩል ሦስት ሰዓት ያህል ተጉዛ መጣች። ቀኑ የገበያ ቀን ነበር። ተራዋ ሲደርስ አንድ ነገር ጠየቀች፤ «ባለፈው ሲወጋብኝ ሁለት ሌሊት እንደ እሳት ነደደ፤ የዛሬውስ ምን ያደርገው ይሆን?» አለች። ባለሙያው ቀና ብሎም አላያት። «ሐኪሙ አንቺ ነሽ ወይስ እኔ? ይልቅ አቅርቢው» አላት። እናቲቱ አልመለሰችለትም። ነጠላዋን አጣፋች፣ አንቀልባዋን አጠበቀች፣ ወጥታም ሄደች።

እኛም ተከትለናት ወጣን። የምንችለውን እናድርግ ብለን፣ ክትባት መልካም እንደ ሆነ፣ ኩፍኝ ሕፃናትን እንደሚገድል፣ ስለ ልጇ ብላ እንድትመለስ መከርናት። ዝም ብላ አዳመጠችን። በመጨረሻም፣ «አባ፣ እርስዎም እኮ የጠየቅሁትን አልመለሱልኝም» ብላን መንገዷን ቀጠለች። ይህ ቃል እስከ ዛሬ ከጆሮአችን አልወጣም። ባለሙያው በቁጣ፣ እኛ ደግሞ በምክር፣ ሁለታችንም ጥያቄዋን ዘልለነው ነበርና።

እንግዲህ የሚነሣው የግብረ ገብ ጥያቄ ይህ ነው። ሐኪም ከወላጆች ጋር ስለ ክትባት መነጋገሩ ምንድን ነው? ሥራውን የሚያቃልልለት ዘዴ ነውን? ጊዜ ሲተርፈው የሚያደርገው ደግነት ነውን? ወይስ ዕዳ ነው? እኛ ዕዳ ነው እንላለን። ይኸውም እናቲቱ ክትባቱን ብትቀበልም ባትቀበልም መከፈል ያለበት ዕዳ ነው። ስለ ምን እንዲህ እንደምንል፣ ሐኪሞችንም ይህን ዕዳ እንዲከፍሉ ማሠልጠን ምን ማለት እንደ ሆነ ቀጥለን እንመረምራለን።

አስቀድመን ስለ አገሩ ጥቂት እንበል። ቦረና፣ ሳይንት፣ ወግዲ፣ ከላላና ለጋምቦ የዓባይ፣ የበሽሎና የወለቃ ወንዞች ሸለቆዎች የከፋፈሏቸው ደጋዎች ናቸው። ዐይን በቅጽበት የሚያየውን ማዶ እግር የሚደርስበት በግማሽ ቀን ነው። ክርስቲያኑና ሙስሊሙ በአንድ ገበያ ይገበያያል፤ በብዙ ቦታም በአንድ ቅሬ ይቀባበራል። በዚህ አገር «ሐኪም» የሚለው ስም ሰፊ ነው። በመካነ ሰላም ሆስፒታል የሚሠራውን ዶክተር፣ በጤና ጣቢያ ያለችውን ነርስ፣ በቀበሌው ጤና ኬላ የምታገለግለውን የጤና ኤክስቴንሽን ሠራተኛ ሁሉ ያጠቃልላል። የጤና ኤክስቴንሽን መርሐ ግብር በ1990ዎቹ አጋማሽ ዓ.ም. ከተጀመረ ወዲህ ከእናቶች ጋር ከሁሉ አብልጣ የምትገናኘው ይህችው ሠራተኛ ናት። ሆኖም ዶክተሩ ከእናት ጋር የሚነጋገርበትን መንገድ ነርሷ ታያለች፤ የነርሷንም መንገድ የኤክስቴንሽን ሠራተኛዋ ታያለች። ከላይ የተናቀ ጥያቄ ከታች የሚያከብረው አያገኝም። ስለዚህ ሐኪም ስንል ሁሉንም ማለታችን ነው።

የሚያመነታ ወላጅ ሁሉ ባለማወቅ ያመነታል ብሎ መደምደም ስሕተት ነው። የአገራችን ሰው በሽታን በበሽታው መከላከልን ጥንትም ያውቅ ነበር። በሰሜኑ ደጋ ከፈንጣጣ በሽተኛ ቁስል የተወሰደውን ፈሳሽ በጤነኛው ሰው ክንድ ላይ በጥተው የሚያስገቡ የባህል ዐዋቂዎች እንደ ነበሩ፣ በ19ኛው ምዕተ ዓመት መጀመሪያ በአገራችን የኖሩ የውጭ ሰዎች ጽፈዋል። ዘዴው እውነተኛውን ፈንጣጣ የሚያስገባ ስለ ነበረ አንዳንዱን ይገድል፣ በሽታውንም ለሌላው ያስተላልፍ ነበር። ቢሆንም ሕዝቡ ከአባቶቹ የተቀበለውን ያምን ነበርና፣ ከ1963 ዓ.ም. ጀምሮ ፈንጣጣን ለማጥፋት የተሰማሩት ከታቢዎች በተለይ በጎጃም ደጋ ብርቱ ተቃውሞ ገጥሟቸዋል። ያም ሆኖ የአገራችን የመጨረሻው የፈንጣጣ በሽተኛ በነሐሴ 1968 ዓ.ም. በባሌ ታየ፤ የዓለም ጤና ጉባኤም በሚያዝያ 1972 ዓ.ም. በሽታው ከምድር መጥፋቱን አወጀ። በዚያው ዘመን አገራችን የሕፃናትን መደበኛ የክትባት መርሐ ግብር ጀመረች። ልብ ብንል «ክትባት» እና «ክታብ» ከአንድ ሥር የወጡ ቃላት ናቸው። በልጇ አንገት ክታብ የምታንጠለጥል እናትና ልጇን ለክትባት የምታቀርብ እናት አንድ ሴት ልትሆን ትችላለች፤ የምትፈልገውም አንድ ነገር ነው፤ ልጇ እንዲድንላት።

ታዲያ ለምን ታመነታለች? ምክንያቱ አንድ አይደለም። አራስ ሴት ከቤት እንዳትወጣ፣ ሕፃኑም ምች እንዳይመታውና የሰው ዐይን እንዳያገኘው የሚጠበቅበት ልማድ በብዙ ቤት አለ። ወንድ ልጅ በአርባ፣ ሴት ልጅ በሰማንያ ቀን ክርስትና ትነሣለች፤ የመጀመሪያው የጭን መርፌ ግን ልጁ ስድስት ሳምንት ሲሞላው፣ እናቶች «የአርባ አምስት ቀን» በሚሉት ጊዜ ይሰጣል። ሴት ልጅ የወለደች እናት ክርስትናው ሳይደርስ ልጄን ይዤ ልውጣ ወይ ብላ ብትጨነቅ፣ ይህ የጤና ሳይሆን የልማድና የእምነት ጥያቄ ነው፤ ሐኪሙ ካልጠየቃት ግን አትነግረውም። ሌላዋ ስለ ትኩሳቱ ትፈራለች። ሌላዋ ባሏን ወይም አማቷን ሳታማክር አትወስንም። ሌላዋ ደግሞ መርፌው ያመክናል የሚል ወሬ ሰምታለች።

ማመንታቱ ከእናቲቱ ያልመጣበትም ጊዜ አለ። የኩፍኝ ክትባት ብልቃጥ ብዙ ጊዜ ለዐሥር ሕፃናት የሚበቃ ሲሆን፣ ተበጥብጦ ከተከፈተ በኋላ ከስድስት ሰዓት በላይ አይቆይም። ስለዚህ ባለሙያው ለአንድ ሕፃን ብልቃጥ ከፍቶ የቀረውን መድፋት ይከብደዋል፤ «በሚቀጥለው ቀጠሮ ነይ» ይላታል። ሦስት ሰዓት ተጉዛ የመጣች እናት ምክንያቱ ሳይነገራት ባዶዋን ስትመለስ፣ ነገሩ አስፈላጊ ቢሆን ኖሮ አይመልሱኝም ነበር ብላ ታስባለች። በዚህ ላይ ከ2013 ዓ.ም. ጀምሮ የነበረው የሰሜኑ ጦርነት፣ ከ2015 ዓ.ም. ማብቂያ ወዲህ ደግሞ በክልላችን የተነሣው ግጭት፣ የጤና ተቋማትን ሥራ ብዙ ጊዜ አውኮታል። ቃሉን የሰጠ ሐኪም በቀጠሮው ቀን ሳይገኝ ሲቀር፣ በእርሱ ጥፋት ባይሆንም እንኳ እምነት ይጎድላል። ስለዚህ «ሕዝቡ ክትባት አይፈልግም» ከማለታችን በፊት ሕዝቡ ስንት ጊዜ ፈልጎ እንደ ተመለሰ መጠየቅ ይገባናል።

የጤና ጥበቃ ሚኒስቴር በ2008 ዓ.ም. ባወጣው የዘርፉ የለውጥ ዕቅድ ርኅሩኅ፣ አክባሪና ተንከባካቢ ባለሙያዎችን ማፍራት ከዋና ዋና ግቦቹ አንዱ መሆኑን ገልጦ ነበር። መልካም ዓላማ ነው። ነገር ግን አክባሪ ሁን ብሎ መናገርና እንዴት እንደሚከበር ማስተማር ይለያያሉ። አንድ ወጣት በደሴ ወይም በጎንደር ሐኪም ለመሆን ለብዙ ዓመታት ሲማር የሰውነትን ክፍሎች፣ የበሽታዎችን ጠባይና የመድኃኒቶችን መጠን ጠንቅቆ ያጠናል። ፊቱ ቆማ «እፈራለሁ» የምትለውን እናት እንዴት እንደሚያናግር ግን አስተማሪ ፊት ተለማምዶ፣ ተሳስቶና ታርሞ የሚማርበት ጊዜ ጥቂት ነው። ንግግር ከተፈጥሮ የሚገኝ ስጦታ እንጂ የሚማሩት ሙያ አይደለም ተብሎ ይታሰባልና።

እንዲህ ዐይነቱን ንግግር የሚያስተምሩ ሥልጠናዎች በዓለም ላይ አሉ። ከእነርሱም አንዱ እ.ኤ.አ. በ1980ዎቹ መጠጥ መተው ለቸገራቸው ሰዎች ተብሎ የተጀመረ የምክክር ስልት ሲሆን፣ ኋላ በካናዳ በኬቤክ ክፍለ ሀገር ገና ከወለዱ እናቶች ጋር ስለ ክትባት ለመነጋገር ሥራ ላይ ውሏል። ፍሬ ነገሩ ቀላል ነው። አስቀድሞ መጠየቅ፤ መልሱን ሳያቋርጡ መስማት፤ የሰሙትን በራስ ቃል መልሶ «እንዲህ ማለትዎ ነው?» ማለት፤ ከዚያ «የማውቀውን ልንገርዎት?» ብሎ ፈቃድ መጠየቅ፤ የሚያውቁትን በአጭሩ፣ የማያውቁትንም አላውቅም ብሎ መናገር፤ በመጨረሻም ውሳኔውን ለወላጁ ትቶ በሩን ክፍት ማድረግ። የእኛ አገር ሽማግሌ ሲያስታርቅ ከሚያደርገው ብዙ አይርቅም። ሽማግሌ ሁለቱን ወገን ሳይሰማ አይፈርድምና።

ለዚያች እናት መልሱ ምን ያህል አጭር እንደ ነበረ እንመልከት። «እናቴ፣ ባለፈው የተወጋው ሌላ ክትባት ነው፤ ትኩሳቱም በዚያው ቀን ወይም በማግሥቱ የሚመጣ ነው። የዛሬው የኩፍኝ ነው። አንዳንዱን ሕፃን ያተኩሰዋል፤ የሚያተኩሰውም ብዙ ጊዜ ከሳምንት በኋላ ነው፤ በአንድ ሁለት ቀን ይተወዋል። ከዚያ ካለፈ፣ ጡት አልጠባ ካለ ወይም ካንቀጠቀጠው ግን ሌሊትም ቢሆን ያምጡት።» ይህን ለመናገር ሁለት ደቂቃ አይፈጅም። ደግሞም ሳይነገራት ልጇ በስምንተኛው ቀን ቢያተኩሰው፣ እናቲቱ ተታለልሁ ትላለች፤ ተነግሯት ቢያተኩሰው ግን ሐኪሙ እውነቱን ነው የነገረኝ ትላለች። ትኩሳቱ አንድ ሆኖ ሳለ በአንደኛው እምነት ይፈርሳል፣ በሁለተኛው ይገነባል።

እዚህ ላይ ግን አንድ ብርቱ ጥያቄ ይነሣል። ሐኪሙ መስማትን የተማረው እናቲቱን እሺ ለማሰኘት ከሆነ፣ ይህ ረቀቅ ያለ ማታለል አይደለምን? ዓሣ አጥማጅ ትሉን በመንጠቆው ላይ የሚያደርገው ዓሣውን ስለሚወድ አይደለም። እኛም ይህን ጥያቄ አቃልለን አናልፈውም። በስልት የታጀበ ጆሮ አለ፤ እርሱም ከቁጣ ይልቅ ሊጎዳ ይችላል፤ የተቆጣህን ሰው ታውቀዋለህ፣ በለዘበ ቃል የሸነገለህን ግን የምታውቀው ዘግይተህ ነው። ታዲያ እውነተኛውን መስማት ከሐሰተኛው በምን እንለየዋለን? በሁለት ምልክቶች ይመስለናል። አንደኛው፣ እውነተኛ ሰሚ በሰማው ነገር ራሱ ሊለወጥ የተዘጋጀ ነው፤ እናቶች ሁሉ ስለ ብልቃጡ ካማረሩ የቀጠሮውን ቀን ከገበያው ቀን ጋር ያስማማል እንጂ እነርሱን ብቻ አይመክርም። ሁለተኛው፣ እናቲቱ እንቢ ካለችም በኋላ ያው ሰው ሆኖ ይቀራል፤ በሚቀጥለው ሳምንት በተቅማጥ የታመመውን ልጇን ይዛ ስትመጣ ፊቱን አያጠቁርባትም።

ዕዳው በእውነት እንጂ በማባበል አይከፈልም። የኮሮና ክትባት በአገራችን መሰጠት የጀመረው መጋቢት 4 ቀን 2013 ዓ.ም. ነበር። የመጣው አስትራዜኔካ የተባለው ነው። በዚያው ሳምንት ግን ዴንማርክ፣ ከዚያም ጀርመን፣ ፈረንሳይና ጣሊያን በዚሁ ክትባት ደም የመርጋት ችግር አጋጥሟል በማለት ለጊዜው ማቆማቸውን ራዲዮ ተናገረ። ሰዎች ለሐኪሞቻቸው ይህን ሲያነሡ «ወሬ ነው፣ ምንም የለውም» የሚል መልስ ያገኙ ጥቂት አይደሉም። ከጥቂት ሳምንታት በኋላ ግን የአውሮፓ የመድኃኒት ተቆጣጣሪ መሥሪያ ቤት ችግሩ እጅግ አልፎ አልፎ የሚያጋጥም እውነተኛ ጉዳት መሆኑን፣ ሆኖም የክትባቱ ጥቅም እንደሚያመዝን አስታወቀ። «ምንም የለውም» ያለው ሐኪም ክትባቱን የሚያስወድድ መስሎት ነበር፤ የከሠረው ግን የራሱን ቃል ነው። እንደዚሁም የፖሊዮ የአፍ ጠብታ ብዙ ሕፃናትን ከልምሻ ያዳነ ሲሆን፣ ብዙ ያልተከተቡ ልጆች ባሉበት አካባቢ በጠብታው ውስጥ ያለው የተዳከመ ተሐዋሲ ከልጅ ወደ ልጅ ሲተላለፍ ቆይቶ ኃይሉን የሚመልስበት አልፎ አልፎ አለ፤ ከ2011 ዓ.ም. ወዲህ በአገራችንም ታይቷል። ይህን ማወቅ ለሚጠይቅ ወላጅ መደበቅ አይገባም። መድኃኒቱም ሁሉም ልጆች መከተባቸው እንደ ሆነ አብሮ ይነገረው።

ሁለተኛው ተቃውሞ ደግሞ ከዚህ በተቃራኒ ይመጣል። እናንተ ስትነጋገሩ ሕፃኑ ይሞታል፤ ሕፃኑ ከሚሞት እናቲቱ ብትገደድ አይሻልምን? የሚሉ አሉ። ይህም በቀላሉ የሚመለስ አይደለም። በሕንድና በባንግላዴሽ እ.ኤ.አ. በ1970ዎቹ አጋማሽ ፈንጣጣን ለማጥፋት በተደረገው የመጨረሻ ዘመቻ፣ በአንዳንድ መንደር በር ተሰብሮ ሰዎች ተይዘው ተከትበዋል። በሽታውም ጠፍቷል። ይሁን እንጂ ፈንጣጣ አንድ ጊዜ ተከትበው የሚያርፉበት ነበር፤ የዛሬው የሕፃናት ክትባት ግን በተወለደበት ጊዜ፣ በስድስት፣ በዐሥርና በዐሥራ አራት ሳምንት፣ በዘጠኝና በዐሥራ አምስት ወር እናቲቱ ራሷ ተመላልሳ የምታመጣው ነው። አንድ ጊዜ በጉልበት የተያዘች እናት ሁለተኛ አትመጣም። የወሎ ሰውም ግዴታ ምን እንደሚያፈራ ከማንም ይልቅ ያውቃል። ከ1870ው የቦሩ ሜዳ ጉባኤ በኋላ ሕዝበ ሙስሊሙ እንዲጠመቅ በንጉሠ ነገሥቱ ሲታዘዝ ብዙው ተሰደደ፤ ብዙውም በውጭ አንድ፣ በልቡ ሌላ ሆኖ ኖረ። ልብ ያልተቀበለውን እጅ ቢቀበለው አይጸናም።

የቅድስት መንበር የእምነት ትምህርት ጉባኤም ታኅሣሥ 12 ቀን 2013 ዓ.ም. ስለ ኮሮና ክትባቶች ባወጣው መግለጫ፣ ክትባቱን መቀበል በኅሊና ፊት የተፈቀደ መሆኑን፣ እንደ አጠቃላይ ደንብ ግን በፈቃድ ሊሆን እንደሚገባው፣ በኅሊናው ምክንያት የማይቀበልም ሰው በሽታውን ለሌላው እንዳያስተላልፍ በሌላ መንገድ ሁሉ የመጠንቀቅ ግዴታ እንዳለበት አስተምሯል። ነፍሳቸውን ይማርና ርእሰ ሊቃነ ጳጳሳት ፍራንቸስኮስ በነሐሴ 2013 ዓ.ም. መከተብን የፍቅር ሥራ ብለውታል። ፍቅር ደግሞ ይጠየቃል እንጂ በዱላ አይወጣም።

ነገር ግን እዚህ ላይ ጥንቃቄ ያስፈልገናል። አዋቂ ሰው ስለ ራሱ ክንድ ሲወስንና ወላጅ ስለ ልጁ ሲወስን ነገሩ እኩል አይደለም። ልጅ የወላጅ ንብረት ሳይሆን አደራ ነው። ደግሞም በጎረቤት ቤት ያለው የአራት ወር ሕፃን አለ። እርሱ ለኩፍኝ ክትባት ገና አልደረሰም፤ በይበልጥ የሚጠብቀው በዙሪያው ያሉት ልጆች መከተባቸው ነው። ኩፍኝ እጅግ ተላላፊ ስለ ሆነ በአንድ አካባቢ እንዳይዛመት ከመቶው ዘጠና አምስት ያህሉ የተጠበቀ መሆን አለበት። ስለዚህ መስማት ማለት «እንደ ፈቀድሽ» ብሎ መተው አይደለም። ስለ ጎረቤቷ ሕፃን ያልነገራት ሐኪም እንዳከበራት ቢቆጥርም እንኳ ዕዳውን ጎደሎ ከፍሏል። እናትን ማክበር ከባዱንም እውነት መሸከም ትችላለች ብሎ ማመን ነውና።

ያልተከፈለው ዕዳ ማን ላይ እንደሚያርፍ ከናይጄሪያ እንማር። በካኖ ግዛት እ.ኤ.አ. በ2003 እና በ2004 የፖሊዮ ክትባት ያመክናል ተብሎ ለወራት ተቋረጠ። ወሬው ከባዶ አልበቀለም። በዚያችው ካኖ እ.ኤ.አ. በ1996 በማጅራት ገትር ወረርሽኝ ጊዜ አንድ የውጭ ኩባንያ አዲስ መድኃኒት በሕፃናት ላይ ሞክሮ፣ ወላጆች በሚገባ ሳይነገረን ተሞከረብን ብለው ለዓመታት ተካስሰዋል። ክትባቱ በመቋረጡ ተሐዋሲው ከአገር አገር ተሻገረ፤ ለአራት ዓመት ያህል ፖሊዮ ያልታየባት ኢትዮጵያም በ1997 ዓ.ም. ከሱዳን በኩል እንደ ገና ገባባት። በካኖ ለአንዲት እናት ያልተነገረ ቃል በሰሜን ኢትዮጵያ የአንድን ሕፃን እግር አልምሾአል ማለት ነው።

በእኛም ወገን ቢሆን መመርመር ያለበት ነገር አለ። በ2007 ዓ.ም. በኬንያ የካቶሊክ ጳጳሳት ለሴቶች የሚሰጠው የመንጋጋ ቆልፍ ክትባት መካን የሚያደርግ ነገር አለበት ብለው ሲከሱ፣ መንግሥት፣ የዓለም ጤና ድርጅትና ዩኒሴፍ ክሱ መሠረት የለውም ብለው መልሰዋል። ክትባቱ ለወላድ ሴቶች የሚሰጠው አዲስ የሚወለደውን ሕፃን ከእትብት በሚገባ መንጋጋ ቆልፍ ለማዳን ነው። ይህ አስቀድሞ በየመንደሩ ቢብራራ ኖሮ «ለምን ለሴቶች ብቻ?» የሚለው ጥያቄ ያን ያህል ባልጎመራ ነበር። የእኛም አገር የማኅፀን በር ካንሰር ክትባት በ2011 ዓ.ም. ለ14 ዓመት ልጃገረዶች መሰጠት ሲጀምር ይኸው ጥያቄ ተነሥቷል። መልሱ ግልጽ ነው፤ በሽታውን የሚያመጣው ተሐዋሲ በግብረ ሥጋ ግንኙነት ስለሚተላለፍ ክትባቱ ከዚያ በፊት ሲሰጥ ይበልጥ ይጠቅማል። አባትና እናት ይህን የመጠየቅ መብት አላቸው፤ ሐኪምም ሳያፍር የመመለስ ግዴታ አለበት።

ስለዚህ የትምህርተ ክርስቶስ መምህራን ሆይ፣ ከእናንተ የሚጠበቀው የሐኪሙ ድምፅ ማጉያ መሆን አይደለም፤ የሰማችሁትን ወሬ ሳታጣሩ በጉባኤ መድገምም አይደለም። የእናቶችን ጥያቄ ሰብስባችሁ ወደ ሐኪሙ አድርሱ። ከቅዳሴ በኋላ፣ በቅሬው ስብሰባ ወይም በቡና ላይ ነርሷን ጋብዙና ከጎረቤቶቻችን ሙስሊሞችና ከሼሆቻቸው ጋር አንድ ላይ ተቀምጣችሁ ጠይቋት። የፈራችውን እናት ብቻዋን አትላኳት፤ አብራችኋት ሂዱ። ሐኪሞችም በመካከላችን ካላችሁ፣ ይህን ንግግር እንደ ትርፍ ሥራ አትቁጠሩት።

ወደ መጀመሪያዋ እናት እንመለስ። ያ ቃሏ ዕረፍት ስለ ነሣን ከአንድ ወር በኋላ ቤቷን ጠይቀን ሄድን። ቡና አፈላችልን። በዚህ ጊዜ ምክር አልሰጠንም፤ «ምን ያስፈራሻል?» ብለን ብቻ ጠየቅናት። በሁለተኛው ስኒ ላይ ነገረችን። ከዚህ በፊት የወለደችው ልጅ መርፌ ከተወጋ በሦስተኛው ቀን ሞቶባት ኖሯል። ይህን ማንም ጠይቋት አያውቅም። እኛ የምንመልሰው ነገር አልነበረንም፤ ስለዚህ አንድ ወጣት ሐኪም ለምነን አብሮን እንዲሄድ አደረግን። እርሱም ከመደቡ ላይ ተቀምጦ እስክትጨርስ ሰማትና እንዲህ አላት። «እናቴ፣ ልጅዎ በምን እንደ ሞተ አላውቅም፤ በዚያን ጊዜ አልነበርሁም። መርፌው አይደለም ብዬ ልምልልዎት አልችልም። በዚያ ዕድሜ ግን ብዙ ሕፃናት በሳንባ ምችና በተቅማጥ ይሞታሉ፤ መርፌውም የሚሰጠው በዚያው ዕድሜ ስለ ሆነ ሁለቱ ይገጣጠማሉ። ይህኛውን ልጅ ኩፍኝ እንዳይወስድብዎት ግን እፈራለሁ። ከተከተበ በኋላ እኔው እየመጣሁ አየዋለሁ።»

እናቲቱ አለቀሰች፤ በዚያን ቀን ምንም አላለችም። ከሁለት ገበያ በኋላ ሕፃኑን አዝላ መጣች፤ ሐኪሙም በቃሉ መሠረት ሁለት ጊዜ ወደ ቤቷ ወረደ። ሕፃኑ በመከተቡ ደስ ብሎናል። ነገር ግን ባትመጣም ኖሮ ያ መልስ ይገባት ነበር፤ ልጇን ቀብራ ለዓመታት ብቻዋን የተሸከመችውን ጥያቄ አንድ ሰው ሊሰማላት ይገባ ነበርና። እኛም በዚያች የገበያ ቀን በደጅ ቆመን የመከርናትን ስናስብ፣ ከእርስዋ ይቅርታ መጠየቅ እንዳለብን ዐወቅን፤ ጠየቅናትም።